ከቆርቆሮው ጀርባ ኩሽና አለ

አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ለራሱ ያደሰው ቤት በፎቶግራፍ ሲታይ ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቆርቆሮው ላይ ነው። ከዚያ አየር ላይ የተንጠለጠለው የሽቦ አጥር ይከተላል፤ ከዚያ ደግሞ ሊወድቅ ያዘነበለ የሚመስለው የመስታወት ሳጥን። ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ጣሪያው ብቅ ያለ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ጨዋ አሮጌ ቤት መኖሩ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቤት የተጻፈው ነገር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ልብሱ ነው። ቤቱ ሲታደስ ግን የነበረው ጥያቄ በጣም ተራ ነበር፦ አንድ ሕፃን ያለው ቤተሰብ የት ያበስላል? የት ይበላል? ሳሎኑስ ከኩሽናው ጋር በምን ይገናኛል? ስለዚህ ይህን ሥራ ከምድር ቤቱ ጀምሬ ልመዝነው እፈልጋለሁ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከዝናው የተሻለ ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከዝናው የተለየ ጉድለትም አለበት።

ጌሪና በትውልድ ፓናማዊት የሆነችው ባለቤቱ ቤርታ ቤቱን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በ22ኛው ጎዳናና በዋሽንግተን አቬኑ ማዕዘን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። አሜሪካኖች የሆላንድ ቅኝ ዘመን የሚሉት ዓይነት፣ ጣሪያው በሁለት እጥፋት የሚወርድ፣ በሰፈሩ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቤት ነበር። ጌሪ ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኋላ የሚነድፈው የቢልባኦው ጉገንሃይም ሙዚየም ሊከፈት ገና ሃያ ዓመት ይቀረዋል። እንጀራው የገበያ ማዕከላትና ለነጋዴ አልሚዎች የሚሠሩ ሕንፃዎች ነበሩ። ቤቱ ለቤተሰቡ ጠቧል፤ በጀቱም የተትረፈረፈ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቤት ሲጠብ የተለመደው መፍትሔ ግድግዳ ማፍረስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ያለው ሰው ምድር ቤቱን ላድስ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሳሎን ነው፦ በሳሎኑና በምግብ ክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ ይነሣል፣ በረንዳው በአልሙኒየምና በመስታወት ተዘግቶ ወደ ሳሎኑ ይጨመራል፣ ኮርኒሱ በጂፕሰም ይቀየራል። ኩሽናው እዚያው ጠባብ ቦታው ላይ ይቀራል። ቁሌቱም እንጀራውም ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ስለሚሠራ የዋናው ቤት ኩሽና ሻይ ከማፍላትና ማቀዝቀዣ ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ አይኖረውም። እንግዳ የሚቀመጥበት ይሰፋል፤ ቤተሰቡ ውሎ የሚያመሽበት እንደነበረ ይቆያል። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የሳንታ ሞኒካውም ቤት ከነአሠራሩ ሳሎኑን ለመንገድ፣ ኩሽናውን ለጓሮ የሰጠ ዘመን ልጅ ነው።

ጌሪ አሮጌውን ቤት አላፈረሰውም። በሦስት ጎኑ አዲስ ቅርፊት አለበሰውና በአሮጌው ግድግዳና በአዲሱ ቅርፊት መካከል የተፈጠረውን ቀጭን ቦታ ክፍል አደረገው። በዋሽንግተን አቬኑ በኩል ያለው ረጅም ዘንግ ኩሽናና የምግብ ክፍል ሆነ። በዚህ አንድ ውሳኔ የቤቱ ውጪ ወደ ውስጥ ገባ፦ ድሮ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ አሁን የኩሽናው ግድግዳ ነው፤ ድሮ ከሳሎን ወደ ውጭ ያሳይ የነበረው መስኮት አሁን የሚያሳየው ድስቱ የተጣደበትን ነው። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ኩሽና ካለው ሰው ጋር በአሮጌ መስኮት ይተያያል። ቤቱ ሳይፈርስ፣ ሳሎኑ ሳይነካ፣ የቤቱ እምብርት ከሳሎን ወደ ኩሽና ተዛወረ። የዚህ ሥራ ትልቁ ሐሳብ ይህ ይመስለኛል፤ የሚገርመው ደግሞ ከመንገድ ላይ በጭራሽ የማይታይ ሐሳብ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አንባቢ አንድ የሚያውቀው ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱ በኋላ በቀበሌ ቤት የኖሩ ቤተሰቦች ይህን ዘዴ ከማንም አርክቴክት ሳይማሩ አውቀውታል። ቤቱ የእነሱ ስላልሆነ አያፈርሱትም፤ ልጅ ሲጨመር ወደ ጎን ይቀጥሉበታል። ጥቂት ቋሚ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ በር፤ አሮጌው የውጭ ግድግዳ የአዲሱ ክፍል የውስጥ ግድግዳ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ቅጥያ ሁልጊዜ አንድ ዋጋ ያስከፍላል፦ ነባሩ ክፍል ይጨልማል። መስኮቱ ሰማይ ማየቱን ትቶ የማድቤት ግድግዳ ያያል፤ ቀን በቀን አምፖል ይበራል፤ ጭሱም መውጫ ሲያጣ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። ቅጥያ የሠራ ሰው ቦታ ያገኛል፣ ብርሃንና አየር ይከፍላል።

የጌሪ ምድር ቤት ከዚህ የሚለየው በቆርቆሮው ጥራት አይደለም። ቅጥያው ከላይ የተከፈተ ነው። የመስታወቱ ሳጥን፣ ያ በየፎቶግራፉ ላይ የሚወጣው ያዘነበለ ኪዩብ፣ ከኩሽናው በላይ ነው የተሰካው። ከውጭ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል፤ አንድ ሰው ከፎቅ ወርውሮት ጣሪያው ላይ እንደያዘ የቀረ። ከውስጥ ግን ሥራ አለው። ብርሃን ከጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኩሽናውን ካበራ በኋላ በአሮጌው መስኮት አልፎ ሳሎኑም ይደርሳል። በምግብ ክፍሉ በኩል ደግሞ የቅርፊቱ ማዕዘን በመስታወት ተከፍቷል። ጌሪ ብርሃኑን በጎን መስኮት ብቻ ቢያስገባው ኖሮ ሁለት ችግር ይገጥመው ነበር፦ ቤቱ የማዕዘን ቤት ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ማዕዱን ያየዋል፤ ነባሩ ሳሎንም እንደ ቀበሌ ቤቱ ክፍል ይጨልማል። ሳጥኑ ወደ ሰማይ ማጋደሉ ሁለቱንም ያቃልላል፤ ውስጥ ያለው ሰው ዛፍና ደመና ያያል፣ ውጭ ያለው ሰው የእንጨትና የመስታወት ትርምስ ያያል። ተቺዎች ይህን ሳጥን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሲያወሩለት ኖረዋል። እኔ ከሥራው ሁሉ ለአንድ ቤተሰብ ኑሮ ከፍተኛውን አገልግሎት የሰጠው ክፍል እሱ ነው እላለሁ፤ ለማጽዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሳልዘነጋ።

ወለሉም እንዲሁ። ኩሽናው የተነጠፈው በአስፋልት ነው፤ አዎ፣ የመንገድ አስፋልት። መጀመሪያ የሰማ ሰው ትዕቢት ይመስለዋል። ግን የኩሽናው ወለል ከአሮጌው ቤት ወለል ጥቂት ደረጃ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሳሎን ወደ ኩሽና የሚሄድ ሰው ከእንጨት ወደ አስፋልት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቤት ወደ ደጅ የወጣ ያህል ይሰማዋል፤ እውነትም ከእድሳቱ በፊት ያ ቦታ ደጅ ነበር። በግድግዳ ሊከፈል የሚችለው ቦታ በከፍታና በወለል ዓይነት ተከፍሏል፤ ድምፅና ሽታ ይተላለፋል፣ ክፍሎቹ ግን አይደባለቁም። የአስፋልቱ ሌላ ጥቅም ውኃ ተለቆበት መታጠብ መቻሉ ነው። እዚህ አገር ሴራሚክ የተነጠፈበትን የሚያምር ኩሽና ለእንግዳ አስቀምጣ፣ የምር ሥራዋን ሲሚንቶ ወለል ባለው ሰርቪስ ቤት የምትሠራ እናት ይህን ነጥብ ከማንኛውም የኒው ዮርክ ተቺ ቀድማ ትረዳዋለች። ጌሪ የጓሮውን ወለል ዋናው ቤት ውስጥ አገባው። በቅቤና በበርበሬ ቢፈተን ምን ይመስል እንደነበር ማየት ያጓጓል፤ ጥቁርነቱ ግን ለበርበሬ ሳይሆን ለዱቄት ነው የሚያሳጣው።

እስከዚህ ድረስ አድናቂ ነኝ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከአሮጌው ቤት ውስጥ ነው።

ጌሪ ነባሮቹን ክፍሎች ሲያድስ ልስኑን በብዙ ቦታ አስወለቀው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ የኮርኒሱ እንጨት ራቁቱን ቀረ። አንዳንድ ግድግዳ ከነአካቴው ሄዶ ቋሚዎቹ ብቻ እንደ መጋረጃ ቆሙ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ካለቀ ቤት የበለጠ ሕይወት አለው የሚል ነው፤ ጌሪም በዚያ ዘመን ይውል ያመሽ የነበረው ከሎስ አንጀለስ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ጋር ነው። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ጎርደን ማታ ክላርክ የተባለው አርቲስት ኒው ጀርዚ ውስጥ አንድ ቤት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ ነበር። የማታ ክላርክ ቤት ግን ሊፈርስ የተዘጋጀ ባዶ ቤት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሕፃን አይተኛም። የጌሪ ቤት ውስጥ ይተኛል። እዚህ ላይ የሥነ ጥበብ ሐሳቡና የኑሮው ጥያቄ መንገድ የተለያዩ ይመስለኛል። የተጋለጠ እንጨት አቧራ ይይዛል፣ ድምፅ ያሳልፋል፣ መደርደሪያ የሚደገፍበት ግድግዳ ይነሣል። ኩሽናው ላይ እያንዳንዱ እንግዳ ነገር አገልግሎት ነበረው፤ ልስኑ መውለቁ ግን ከማሳየት ያለፈ አገልግሎት አልታየኝም።

ሌላም ነገር አለ። ልስን ለማውለቅ መጀመሪያ ልስን ያለው ቤት ያስፈልጋል። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ማገሩ ሲታይ የሚያስበው ጭቃው መርገፉን፣ ክረምት መቅረቡን፣ ጭቃ የሚያቦካ ሰው መፈለግ እንዳለበት ነው። ተመራማሪው ፍሬድሪክ ጄምሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ስለ ድኅረ ዘመናዊነት በሚያትተው መጽሐፉ አንድ ሰፊ ክፍል ለዚህ ቤት ሰጥቷል፤ ቆርቆሮውንና የሽቦ አጥሩንም በሀብታሙ አሜሪካ ውስጥ ካለው ድህነት፣ ከሦስተኛው ዓለም ገጽታ ጋር አያይዞ ያነበዋል። ንባቡ ብልህ ነው፤ ከዚህ ሆኖ ሲታይ ግን ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ የድህነት ምልክት ብቻ ሆኖ አያውቅም። በገጠር የሣር ክዳኑን አንሥቶ ቆርቆሮ ያለበሰ ገበሬ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ የደረጃ ዕድገት አግኝቷል፤ አዲስ አበባም ከሣር ወደ ቆርቆሮ መሸጋገሯ የዘመናዊነቷ አንዱ ምዕራፍ ነው። ያው ቆርቆሮ ወርዶ ግድግዳና አጥር ሲሆን ነው ማዕረጉን የሚያጣው። ጌሪ ያደረገው ቆርቆሮውን ከጣሪያ አውርዶ ግድግዳ ማድረግ ነውና፣ የጎረቤቶቹን ንዴት የእኛ አገር ጎረቤት ያለ ምንም ንድፈ ሐሳብ ይረዳዋል።

ጎረቤቶቹ በእርግጥም ተናደዋል፤ ቅሬታም አቅርበዋል። ጌሪ ስለ ሽቦ አጥር የነበረው ክርክር ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ ሁሉም ሰው በየጓሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቴኒስ ሜዳው እየተጠቀመበት እንደሌለ የሚቆጥረው ዕቃ ነው፤ እኔ ዐይናችሁ ፊት አመጣሁት ነው ነገሩ። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ግን ስለ መንገዱ ነው እንጂ ስለ ቤቱ ኑሮ አይደለም። ቆርቆሮው ምድር ቤቱን አላሻሻለውም። ርካሽ ነበር፣ ቶሎ የሚገጠም ነበር፣ ጌሪ ራሱ ከዚያ በፊት ለሠዓሊው ሮን ዴቪስ ማሊቡ ላይ በሠራው ስቱዲዮ ተጠቅሞበት ያውቀው ነበር። በኮምፔንሳቶ ወይም በጣውላ ቢሸፈን ኖሮ ኩሽናው ያው ኩሽና ይሆን ነበር። ዝናው ግን ከነጎረቤቶቹ ጩኸት ጋር የቆርቆሮው ሆነ።

ስለ ዝናው ጌሪ ደጋግሞ ይተርካት የነበረች አንዲት ታሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 እሱ የነደፈው ሳንታ ሞኒካ ፕሌስ የተባለ የገበያ ማዕከል ሲከፈት የአሠሪው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለእራት ወደዚህ ቤት ይመጣል። ዙሪያውን ያይና፣ ይህን ከወደድክ ያንን የገበያ ማዕከል ልትወደው አትችልም፣ ታዲያ ለምን ትሠራዋለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ጌሪም እውነቱን ነው ይላል፤ ከኩባንያው ጋር የነበረው ሥራም በዚያው ያበቃል። የመሥሪያ ቤቱን ገቢ ያናጋ ውሳኔ ነበር። ታሪኩ የሚነገረው የአርቲስቱን ነፃ መውጣት ለማሳየት ነው፤ እኔን የሚስበኝ ግን ጥያቄው የተጠየቀበት ቦታ ነው። እንግዳው ያን ያለው ቆርቆሮውን ከመንገድ አይቶ አይደለም፤ ውስጥ ገብቶ፣ ማዕድ ቀርቦለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊሊፕ ጆንሰንና ማርክ ዊግሊ ባዘጋጁት የዲኮንስትራክቲቪስት አርክቴክቸር ዐውደ ርእይ ላይ ይህን ቤት ሲያካትት ነገሩ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚነበበው እንደ መፈራረስ፣ እንደ መጋጨት፣ እንደ መበጣጠስ ሆነ። ፕላኑን ወለል በወለል ለሚያይ ሰው ግን መፈራረስ የለም። አሮጌው ቤት መሐል ላይ ቆሟል፣ አዲሱ አቅፎታል፣ ደረጃው ያገናኛቸዋል፣ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። ይህ የጥንቃቄ ሥራ ነው። ስለ ፎቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ መኝታ ክፍሎቹ በቦታቸው ናቸው፣ ኮርኒሱ ተነሥቶ እስከ ጣሪያ ተከፍቷል፣ የኩሽናው ጣሪያም ሰገነት ሆኗል። ትልቁ ነገር የተሠራው ታች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጌሪ ቤቱን እንደገና አደሰው። ሁለቱ ወንዶች ልጆች አድገዋል፤ መዋኛ ተጨመረ፣ ጋራዡ ሌላ አገልግሎት ተሰጠው፣ ተጋልጦ የነበረው እንጨት በብዙ ቦታ ተሸፈነ፣ ጠርዙ ለሰለሰ። የአርክቴክቸር ሰዎች ቅር አላቸው፤ ጥሬነቱ ጠፋ፣ ዕቃው ሀብታም መሰለ አሉ። እንደ ሐውልት ካየነው ልክ ናቸው። እንደ ቤት ካየነው ግን ይህ ሁለተኛው እድሳት ለመጀመሪያው የተሰጠ የባለቤቱ ሂስ ነው፤ ከማንኛችንም በላይ የመናገር መብት ያለው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮበት የሰጠው ሂስ። ደግሞም ምን እንደተወና ምን እንደነካ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የተሸፈነው እኔም የተቃወምኩት ነው፤ ራቁቱን የቀረው ማገርና ቋሚ። ኩሽናውን ግን ከአሮጌው ቤት ጎን ከቦታው አላነሣውም፤ ያዘነበለውን ሳጥንም አልነቀለውም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ለቤቱ የሃያ አምስት ዓመት ሽልማቱን ሲሰጥ የሸለመው ይህን ሁለት ጊዜ የታደሰውን ቤት ነው፤ ዝናው ግን ያኔም ከመንገድ ማዶ የሚታየው የቆርቆሮው ነበር።